ካርዳን፦ ላዩ ንጹሕ፣ ውስጡን ለቄስ

ካርዳን፣ ማለትም የኋላ ጎማውን በካቴና ፈንታ በብረት ዘንግ የሚያዞር አሠራር፣ ያለው ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚነግራችሁ ነገር የታወቀ ነው። «ካቴና የለውም፤ ጥገና አይፈልግም።» ግማሹ እውነት ነው። ካቴና የለውም። በየጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሩ ቅባት መርጨት የለም። መወጠር የለም። ሱሪ ላይ የሚፈናጠቅ ጥቁር ዘይት የለም። ሁለተኛው ግማሽ ግን ብዙ ሰው አስለቅሷል። እኔም አንዱ ነኝ።

ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ሞተር ነበር። የኋላውን ማርሽ ቤት ዘይት ሰዓቱን ጠብቄ እቀይራለሁ፤ በዚህም ራሴን እንደ ጠንቃቃ ሰው እቆጥር ነበር። የኋላ ጎማውን ሁለት ጊዜ ጎማ ቤት ወስጄ አስቀየርኩ። ሦስተኛውን ራሴ ልሞክረው ብዬ ጎማውን ስስበው ከመሃሉ ቀይ ዱቄት ወለሉ ላይ ረገፈ። ዝገት መሰለኝ። ለካስ የብረት ጥርሶቹ ራሳቸው ናቸው ተፈጭተው የወጡት። ወዲያው የኋላውን ዘይት አየሁ። ንጹሕ ነው፣ እንደ ማር። ችግሩ ዘይቱ እዚያ ቦታ ደርሶ አያውቅም። ሊደርስም አይችልም።

ካርዳን ላይ ዘይት የሚደርስበት ቦታ አለ፤ የማይደርስበት ቦታም አለ። ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። ሞተሩን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ኃይሉ በየት በኩል ነው የሚሄደው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። የቤልጂጉ ኤፍኤን በ1905 ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሩን ያለ ካቴና፣ በዘንግ እየነዳ አውጥቷል። ቢኤምደብሊው በ1923 የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን አር 32ን ሲያወጣ ካርዳን ነበረው። ሆንዳም በ1975 ጎልድ ዊንግን ሲያወጣ ይህንኑ መረጠ። ረጅም መንገድ ለሚሄድና ሻንጣ ለሚጭን ሰው የሚስማማ ነገር ነው። ስሙ ደግሞ ከሞተር ብዙ ዘመን ይቀድማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ጣሊያናዊ የሒሳብ ሊቅና ሐኪም ከጄሮላሞ ካርዳኖ የመጣ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ኃይል ከኢንጂኑ ወደ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ (ማርሽ መቀየሪያው) ይሄዳል። ከካምቢዮው በክሮቼራ፣ መስቀል በመሰለች ተጣጣፊ መጋጠሚያ፣ በኩል ወደ ዘንጉ ያልፋል። ዘንጉ የኋላውን ጎማ በሚይዘው ክንድ ውስጥ፣ ተሸፍኖ ይሽከረከራል። መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ማርሽ፣ ፒኞን የምትባለዋ፣ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ማርሽ ታዞራለች። እዚህ ላይ ኃይሉ 90 ዲግሪ ይታጠፍና ጎማውን ያዞራል።

ይህን የኋላውን ማርሽ ቤት ብዙ መካኒክ ዲፈረንሻል ይለዋል። በትክክል ከተነጋገርን ዲፈረንሻል አይደለም። የዲፈረንሻል ሥራ ኃይልን ለሁለት ጎማ ማካፈል ነው። እዚህ ያለው ጎማ አንድ ነው፤ ምኑን ያካፍላል? ግን ስሙ ለምዷል። መካኒካችሁ እንዲህ ካለ አትጨቃጨቁ።

የኢንጂን አቀማመጥም ለውጥ አለው። ቢኤምደብሊው ቦክሰር (ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተኙት) እና ሞቶ ጉዚ ላይ ክራንኩ፣ የኢንጂኑ ዋና ዘንግ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለተዘረጋ ኃይሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፋል። ክራንካቸው ወደ ጎን በተኛ ኢንጂኖች ላይ ግን ሁለቴ ነው የሚታጠፈው። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ። ለጥገና ይህ የሚጠቅመን ለአንድ ነገር ነው። ከፊት ያለችው ማርሽ በአንዳንዶቹ የራሷ ዘይት አላት፤ በሌሎቹ ከኢንጂኑ ዘይት ትካፈላለች። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የባለቤት መመሪያውን ከፍታችሁ እዩ።

የማይታዩት ጥርሶች

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዘንጉ ከክሮቼራው ጋር፣ ከፒኞኑ ጋር፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ኮሮናው ከጎማው ጋር የሚያያዘው በቡሎን አይደለም። ስፕላይን በሚባል ነገር ነው። አንድ ዘንግ አስቡ። ዙሪያውን በርዝመቱ ጥርስ ወጥቶለታል። ሌላው ቁራጭ ደግሞ እሱን የሚቀበል፣ ከውስጥ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ነው። አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። አብረው ይዞራሉ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን መንሸራተት ይችላሉ።

ለምን መንሸራተት አስፈለገ? የኋላው ጎማ ከመንገዱ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ክንዱ የሚታጠፍበት ነጥብና ክሮቼራው የሚታጠፍበት ነጥብ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገጥሙም። ስለዚህ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ዘንጉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ማጠርና መርዘም አለበት። ያንን የሚችለው ስፕላይኑ ነው። አንድ ሰዓት ስትነዱ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚፋተግ ገምቱ። ያውም የኢንጂኑን ጉልበት ሁሉ ተሸክሞ።

እዚህ ያለው ቅባት ግሪስ ብቻ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ወይም መጨረሻ የከፈተው ሰው የቀባው ግሪስ። እሱም ዕድሜ አለው። ዘንጉ ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ሙቀት ያደርቀዋል። ውሃ ከገባ ያጥበዋል። ግሪሱ ሲያልቅ ብረት በብረት ይፋተጋል፤ ከብረቱ የሚነሳው ደቃቅ ብናኝ አየር ሲያገኘው ቀይ ይሆናል። ያ ዱቄት ራሱ ደግሞ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሆኖ የቀረውን ይፈጫል። አንዴ ከጀመረ የሚፈጥነው ለዚህ ነው።

በጥንቶቹ ቢኤምደብሊው ቦክሰሮች ዘንጉ ክንዱ ውስጥ በዘይት ተነክሮ ነበር የሚሠራው። ያ ዘይትም የራሱ መቀየሪያ ጊዜ አለው። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለ ፓራሌቨር (ተጨማሪ ዘንግ ያለው ክንድ) ሞዴሎችና አብዛኞቹ የጃፓን ሞተሮች ግን ዘንጋቸው በደረቅ ክንድ ውስጥ ነው። እንግዲህ «የኋላውን ዘይት ቀይሬያለሁ» ማለት ዘንጉን አገልግያለሁ ማለት አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ማስታወሱ ነው። ጎማው በስፕላይን በሚገጠምባቸው ሞተሮች ላይ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ስፕላይኑ ይጸዳል፣ ይቀባል። ጎማው ለማንኛውም ወጥቷል። ተጨማሪው ሥራ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጎማ ቤት ግን ይህን አይሠራላችሁም፤ ሥራው ጎማ መቀየር ነው። እኔን ያስከፈለኝ ይህን አለማወቄ ነው። ጎማውን ራሳችሁ ፈትታችሁ ውሰዱላቸው። ካልሆነ ግሪሱን ይዛችሁ ሂዱና አጠገባቸው ቁሙ።

አንዳንድ ሞተሮች፣ ክንዳቸው በአንድ ጎን ብቻ የሆኑት በተለይ፣ ጎማው በቀጥታ በቡሎን ነው የሚታሰረው። እነዚህ የጎማ ስፕላይን የላቸውም። ግን አትደሰቱ። የዘንጉ ስፕላይን አላቸው፤ እሱን ለማግኘት ማርሽ ቤቱን ራሱን ማውረድ ወይም ማዘንበል ያስፈልጋል።

ስታጸዱ አሮጌውን ግሪስ በሙሉ አውጡት። ላምባና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። ላምባውን ግን አትድፉት፤ ብሩሹን ነክራችሁ ሥሩ። ከስፕላይኑ ጀርባ ፓራኦሊዮ አለ። ዘይቱን አግዶ የያዘው ያ የላስቲክ ቀለበት ነው። ቆሻሻ ወደ እሱ ከተገፋ ሌላ ሥራ ታመጣላችሁ።

ከዚያ ጥርሶቹን እዩ። በዓይን ብቻ አይበቃም፤ በጣት ዳስሱ። ጤነኛ ጥርስ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። የተበላው እንደ መጋዝ ጥርስ ይሾላል፤ አንዳንዴም በአንድ ጎኑ ብቻ ይጎደጉዳል፤ ጣት ላይ ይይዛል። እዚህ ከደረሰ ግሪስ አያድነውም። ሲቀየርም ሁለቱም ወገን አብሮ ይቀየራል። አዲሱን ከተበላው ጋር ማጋጠም አዲሱን ማስበላት ነው። ይህን ቁጠባ የሞከሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁሉም ሁለቴ ከፍለዋል።

ግሪሱስ የቱ ነው? እዚህ ላይ ክርክሩ አያልቅም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። የኩሽኔታ ግሪስ እዚህ ቦታው አይደለም። ኩሽኔታ ይንከባለላል፤ ስፕላይን ግን ተጨንቆ በትንሽ በትንሹ ይፋተጋል። ለዚህ ተስማሚው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በብዛት ያለበት ፔስት ነው። ሞሊ በሚል አጭር ስም ይታወቃል። ልክ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነባብሮ እርስ በርሱ የሚንሸራተት ማዕድን ነው። ፈሳሹ ቢደርቅ እንኳ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ሆንዳ ለዓመታት ያዘዘው ፔስት 60 በመቶው ሞሊ ነበር። «ሞሊ ያለበት» ተብሎ የሚሸጠው ተራ ግሪስ ብዙውን ጊዜ 3 በመቶ ገደማ ነው ያለው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም እጅ ያበላሻሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የእናንተ አምራች ሌላ ዓይነት ካዘዘ እሱን ተከተሉ።

ሲቀባ ሁሉም ጥርስ ይዳረስ እንጂ አይቆለል። የተትረፈረፈው ስፕላይኑ ሲገጥም ይገፋል፤ ጎማው ሲዞር ይበተናል። ፍሬን ዲስክ ላይ ካረፈ ደግሞ ነገሩ የጥገና ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። መገጣጠሚያው ላይ ክብ የላስቲክ ቀለበት ካለ በአዲስ ቀይሩት። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግሪሱን ውስጥ፣ ውሃውን ውጭ የሚያስቀር እሱ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር። ማርሽ ቤቱ በአራት ዳዶ ክንዱ ላይ በሚታሰርባቸው፣ አክስሉም ከጎን ወደ ጎን በሚያልፍባቸው ሞተሮች ላይ የማጥበቅ ቅደም ተከተል አለ። አራቱ ዳዶዎች ጠብቀው አክስሉን በግድ ብትከቱት ጎማውና ማርሽ ቤቱ በቀጥታ መስመር ላይ ላይሆኑ ይችላሉ። ስፕላይኑ ያኔ ጠምዘዝ ብሎ ይሠራል፤ በምንም ግሪስ አይድንም። የሚሻለው አራቱን ላላ አድርጎ፣ አክስሉን ማስገባት፣ አክስሉን ማጥበቅ፣ ከዚያ አራቱን ማጥበቅ ነው። የአክስሉ መስመር ማርሽ ቤቱን ራሱ ወደ ቦታው ይጎትተዋል። የሞተራችሁ መመሪያ የተለየ ካለ የመመሪያው ይቅደም።

የፊተኛው የዘንግ ጫፍ፣ ወደ ክሮቼራው የሚገባው፣ ብዙም የሚጎበኘው የለም። ማርሽ ቤቱ ከነዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ ይወጣል። እኔ በየሁለት ጎማው አንዴ አደርገዋለሁ። ሁለት ጥንቃቄ አለው። መጀመሪያ፣ ከመነጣጠላችሁ በፊት ሁለቱም ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ በነበሩበት ጥርስ እንዲመለሱ። ሁለተኛ፣ ዘንጉን ከማርሽ ቤቱ ውስጥ ጎትታችሁ አታውጡ። በአንዳንድ ሞዴል እዚያ ያለው ፓራኦሊዮ ይበላሻል፤ በአዲስ መቀየር ግድ ይሆናል።

አንድ ሌላ ስፕላይን አለ። ፍሪሲዮኑ ከካምቢዮው የሚገናኝበት። ደረቅ ፍሪሲዮን ባላቸው ሞተሮች፣ የ1980ዎቹ የቢኤምደብሊው ኬ ተከታታይ በዚህ ስሙ ይነሳል፣ ይህም ይደርቃል። ምልክቱ ማርሽ መግባት እያስቸገረ መምጣቱ ነው። ግን እሱን ለመቀባት ካምቢዮ መውረድ አለበት። የእሁድ ጠዋት ሥራ አይደለም።

ዘይቱ

ወደሚታወቀው እንምጣ። ኮሮናና ፒኞን ጥርሳቸው ጠመዝማዛ ነው። ሲገናኙ መንከባለል ብቻ ሳይሆን ይንሸራተታሉም። በዚያ ግፊት ተራ ዘይት ከመሃላቸው ይጨመቃል። ለዚህ ነው የኢንጂን ዘይት የማይሆነው። የማርሽ ዘይት ከባድ ጫናን የሚችል ቅመም አለው፤ ጣሳው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጂኤል-5 ተብሎ ይጻፋል። ውፍረቱ 75ደብሊው-90 ወይም 80ደብሊው-90 የሚሉት በብዛት ይታዘዛሉ። ግን ካምቢዮውና የኋላው ማርሽ ቤት አንድ ዓይነት ዘይት ይፈልጋሉ ብላችሁ አትገምቱ። ለካምቢዮ ጂኤል-4 የሚያዝ አምራች አለ።

መጠኑ ሰውን ያስገርማል። ከ150 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው የሚገኘው በአብዛኛው። ይህችን የምታህል ዘይት ናት የኢንጂኑን ጉልበት ሁሉ የምትችለው። ለዚህ ነው ትንሽ መፍሰስም ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው። ከኢንጂን ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ቢጎድል ምልክቱ ላይ ትንሽ ዝቅ ይላል። እዚህ ግን ግማሽ ብርጭቆ ማለት ግማሹ ዘይት ማለት ነው።

በየስንት ጊዜው? መመሪያዎች ይለያያሉ፤ ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሉት ይበዛሉ። ብዙ ለማይነዳ ሰው በዓመት ቆጥሮ መቀየር ይሻላል። አዲስ ሞተር ላይ የመጀመሪያው ለውጥ ቶሎ ነው፤ 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ። አዲስ ጥርሶች እርስ በርሳቸው እስኪላመዱ ብናኝ ያወጣሉ። «የዕድሜ ልክ ዘይት» የሚባል ነገር ስትሰሙ ደግሞ የማን ዕድሜ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ቢኤምደብሊው በ2004 አር 1200 ጂኤስን ሲያወጣ የኋላው ዘይት እስከመጨረሻው የማይቀየር ነበር የተባለው። በኋላ ራሱ ኩባንያው ወደ ጥገና ሠንጠረዡ መለሰው።

ስትቀይሩ ዘይቱ ሞቅ ይበል። ትንሽ ነድታችሁ ኑ። ከዚያ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። ማፍሰሻውን አይደለም። የመሙያው ቡሎን አልፈታ ቢልስ? ዘይቱን አፍስሳችሁ መሙላት የማትችሉት ሞተር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ይህ ቀልድ ይመስላል። የደረሰበት ሰው አይስቅም።

የማፍሰሻው ቡሎን ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ ማግኔት አለው። ከዘይቱ ይልቅ ወሬ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ጫፉ ላይ ግራጫ፣ እንደ ጭቃ የላመ ነገር ካለ ደህና ነው። በጣታችሁ ስታሹት የሚጎረብጥ ነገር ካለ አጢኑ። በዓይን የሚታይ ስባሪ ወይም ቅርፊት ካለ ሞተሩን አቁሙት። ዘይቱ ነጭ፣ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ውሃው በየት እንደገባ ሳታገኙ አዲስ ዘይት መሙላት ድካም ነው።

ስትሞሉ በአንዳንድ ሞተሮች ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ ጥርስ ታችኛው ጫፍ እስኪደርስ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በጎን መቆሚያው አጋድሎ ከቆመ ልኩ ውሸት ነው። በሌሎች ደግሞ በሚሊ ሊትር ተለክቶ ነው የሚገባው፤ ቀዳዳው ድረስ ከሞላችሁ በዝቷል። ዘይት መብዛቱ ጥቅም የለውም። ሲሞቅ ይሰፋል፣ ግፊት ይፈጥራል፣ በደካማው ቦታ ይወጣል። ደካማው ቦታ ሁልጊዜ ፓራኦሊዮው ነው። መተንፈሻ ያለው ማርሽ ቤት ከሆነ መተንፈሻው በጭቃ አለመደፈኑንም እዩ።

ሮንዴላውን በአዲስ ቀይሩ። ቡሎኑን በቶርክ መፍቻ፣ መመሪያው በሚለው ልክ አጥብቁ። ቤቱ አሉሚኒየም ነው። «ትንሽ ልጨምርለት» ያለ ክንድ ብዙ ጥርስ በልቷል።

ክሮቼራው

ክሮቼራ መስቀል የመሰለች ብረት ናት። በአራቱም ጫፍ በመርፌ ኩሽኔታ ተይዛለች። ማዕዘን ያለው ዘንግ እንዲዞር ታደርጋለች። አንድ የማይታይ ባሕርይ አላት። ታጥፋ ስትዞር የምታወጣው ፍጥነት እኩል አይደለም። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ትፈጥናለች፣ ሁለት ጊዜ ትዘገያለች። ማዕዘኑ በጨመረ ቁጥር ይብሳል። ሁለት ክሮቼራ ያላቸው ዘንጎች ላይ አንዱ የሌላውን እንዲያጣፋ ተደርገው ነው የሚገጠሙት። ይህ አቀማመጥ ከተሳሳተ፣ ለምሳሌ ዘንጉ ተለያይቶ በአንድ ጥርስ ዞሮ ከተገጠመ፣ ንዝረት ይመጣል። በቀለም ምልክት አድርጉ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

አንዳንድ ዘንጎች ደግሞ ሁለት ቱቦ ሆነው በመሃላቸው ላስቲክ አለ። የድንገት ጉልበቱን የሚያለዝበው ያ ነው። ላስቲኩ ሲያረጅ ይንሸራተታል። አንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር የነበረው አቀማመጥ ይዛባል። ማንም ያልነካው ሞተር ድንገት መንዘር ከጀመረ ይህንንም ጠርጥሩ።

አብዛኛው የሞተር ክሮቼራ ግሪስ መጨመሪያ ቀዳዳ የለውም። ተዘግቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ የምትችሉት መመርመር ብቻ ነው። ዘንጉ በወጣ ጊዜ በእጃችሁ እጠፉት፣ በሁሉም አቅጣጫ። ለስልሶ መታጠፍ አለበት። መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ካለ፣ ወይም በአንዱ አቅጣጫ ከጠነከረ፣ መርፌዎቹ ብረቱ ላይ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ክዳኖቹ ጠርዝ ላይ ቀይ ዱቄት ካለም ደርቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ትንሽ ልንዳው» የሚባል ነገር የለም። በፍጥነት ላይ ሳለ ክሮቼራ ከተሰበረ ዘንጉ ክንዱን ከውስጥ ይመታዋል፤ ጎማውም ሊቆለፍ ይችላል። ቢኤምደብሊው ራሱ አንዳንድ የቅርብ ዓመታት የጂኤስ ሞዴሎች ላይ ዘንጉ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር አድርጓል። ዘንግ የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም ማለት ነው።

ዘንጉ ክንዱ ውስጥ ሲገባም ሆነ ሲወጣ የሚሸፍነውን የላስቲክ ቡት እዩት። እንደ አኮርዲዮን የታጠፈው ነው። እጥፋቱን በጣት ከፈት እያደረጋችሁ እዩ፤ ስንጥቁ የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። በዚያ የገባ ውሃ መውጫ የለውም። ሲነዳ ይሞቃል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝ ዘንጉ ላይ ተመልሶ ያርፋል። ወንዝ ካቋረጣችሁ በኋላ ማየት የሚገባችሁ አንዱ ይህ ነው። በግፊት ውሃ ስታሳጥቡም አፈሙዙን ከቡቱና ከፓራኦሊዮዎቹ አርቁት። ብዙ ቡት የሚሞተው በመንገድ ሳይሆን በማጠቢያ ነው።

ጆሮና እጅ

ይህን ሁሉ ለማወቅ ሁልጊዜ መፍታት አያስፈልግም። ሞተሩን በባለ ሁለት እግሩ መቆሚያ አቁሙት። የኋላውን ጎማ ከላይና ከታች ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉ። ከዚያ ከፊትና ከኋላ ይዛችሁ ድገሙት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንድ ሰው ማርሽ ቤቱ ላይ እጁን ያሳርፍ። ማርሽ ቤቱም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ የክንዱ መጋጠሚያ ኩሽኔታ ነው። ማርሽ ቤቱ ቆሞ ጎማው ብቻ ከተንቀሳቀሰ የኮሮናው ኩሽኔታ ነው። ሁለተኛው አስቸኳይ ነው። በማርሽ ቤቱና በጎማው መካከል፣ ቸርኬው ላይ፣ የዘይት እርጥበት ካያችሁም «ፓራኦሊዮ አረጀ» ብቻ አትበሉ። ብዙ ጊዜ ኩሽኔታው ላልቶ ነው ፓራኦሊዮውን የሚያበላሸው። ፓራኦሊዮውን ብቻ ቀይራችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ታገኙታላችሁ።

አሁን ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ ኢንጂኑ ጠፍቶ። ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙት። ትንሽ ክፍተት ይኖራል፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ያለችው ክፍተት ተደማምራ ናት። ዜሮ አይሆንም፤ ዜሮ እንዲሆንም አትፈልጉም። የሚጠቅመው ለውጡ ነው። ጎማው ላይ በቾክ ምልክት አድርጋችሁ ስንት እንደሚሄድ ለኩ፤ ጻፉት። በሚቀጥለው ጎማ ለውጥ አወዳድሩ። እየጨመረ ከሄደ አንድ ቦታ ብረት እየተበላ ነው።

ድምፅም ይናገራል። ጋዝ ስትሰጡ የሚያፏጭ፣ ስትለቁ የሚለወጥ ድምፅ ከማርሽ ጥርሶቹ ነው። ጋዝ ብትሰጡም ብትለቁም ሳይለወጥ ከፍጥነቱ ጋር ብቻ የሚጨምር ጉርጉርታ የኩሽኔታ ነው። ጋዝ ስትሰጡና ስትለቁ «ቋ» የሚል ከሆነ ስፕላይን፣ ክሮቼራ ወይም ጎማው ውስጥ ያለው ማለዘቢያ ላስቲክ ላልቷል። አንደኛ ማርሽ ሲገባ የሚሰማው አንድ «ቋ» ግን የካርዳን ሞተር ሰላምታ ነው፤ አያስደንግጣችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሞተሩን ሰቅላችሁ፣ ኢንጂኑን አስነስታችሁ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ድምፅ ለመስማት አትሞክሩ። አንደኛ ነገር ጎማው እጅ ይበላል። ሁለተኛ፣ ጎማው ሲንጠለጠል ክሮቼራው ከወትሮው በላይ ስለሚታጠፍ ጤነኛ ሞተርም ይንቀጠቀጣል። በዚህ ተታለው ደህና ዘንግ የቀየሩ አሉ።

አነዳዱም ድርሻ አለው። ካቴና ለጉልበት ትንሽ ይለጠጣል፤ ስፕሮኬቱም ቢበላ ርካሽ ነው። ዘንግ እሺ አይልም። ፍሪሲዮን በድንገት መልቀቅ፣ የፊት ጎማ ማንሳት፣ ጋዝ መንጨቅ፣ ይህ ሁሉ ጉልበት በቀጥታ ክሮቼራውና ጥርሶቹ ላይ ነው የሚያርፈው። ጋዝ ስትሰጡ የሞተሩ ጀርባ ከፍ ማለቱ ግን ብልሽት አይደለም። ፒኞኑ ኮሮናውን ሲገፋ ማርሽ ቤቱም በተቃራኒው ክንዱን ይገፋል። የቢኤምደብሊው ፓራሌቨርም ሆነ የሌሎቹ ባለ ተጨማሪ ዘንግ ክንድ የተፈለሰፈው ይህን ለመቀነስ ነው። ያ ተጨማሪ ዘንግ ግን የራሱ ኩሽኔታ ወይም ቡሽ አለው፤ ጎማውን ስትወዘውዙ እሱንም ነካ አድርጉት።

ሁሉን ገጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ርገጡት፤ ጎማው ሲወጣ ፍሬን ሸራው ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን ከግሪስ አጽዱ። አንድ አሥር ኪሎ ሜትር ሂዱና ተመለሱ። ማርሽ ቤቱን በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ሞቅ ማለቱ ደህና ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ዘይቱን ዳግም ለኩ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት በሁለቱ ቡሎኖች ዙሪያና በጎማው በኩል አሹበት። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ኪሎ ሜትሩንና የተቀባውን ግሪስ ዓይነት ማስታወሻ ላይ ጻፉና እስከሚቀጥለው ጎማ ተዉት።